ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ቤተክርስቲያን፦ የሪፕሊ ፕሬስቢቴሪያኖች ከባርነት ያመለጡትን እንዴት ረዱ?

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በኦሃዮ ወንዝ ሰሜናዊ ዳር፣ ሪፕሊ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዛሬ ነዋሪዎቿ 2 ሺህ አይሞሉም። ከሲንሲናቲ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገደኛ ልብ ሳይላት ሊያልፋት ይችላል። ከ1820ዎቹ ጀምሮ እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ድረስ ግን የዚህች ከተማ ሰዎች ከባርነት የሚያመልጡትን ተቀብለው፣ አብልተው፣ ደብቀው ወደ ሰሜን ሲያሳልፉ ኖረዋል። በቄስ ጆን ራንኪን ቤት በኩል ያለፉት ብቻ ወደ 2 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ አንድ ጀግና ቄስ ታሪክ ነው። ጀግንነታቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን አንድ ቄስ ብቻውን ይህን ሁሉ ዓመት ሊሠራው አይችልም። ምእመናኑ ባይፈልጉ ኖሮ ደመወዛቸውን አቋርጠው ያሰናብቷቸው ነበር። ይህ በሌሎች ከተሞች በሌሎች ቄሶች ላይ ደርሷል። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ነው፦ በዚያው ሃይማኖት፣ በዚያው ዘመን፣ አንዱ አጥቢያ ባርነትን ሲደግፍ ሌላው ያመለጡትን እንዴት ሊደብቅ ቻለ? መልሱን ለማግኘት ከቤተክርስቲያኗ አሠራር መነሳት ይሻላል።

ፕሬስቢቴሪያኖች እንዴት ይተዳደራሉ?

ፕሬስቢቴሪያኖች ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ሥርዓታቸው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በስኮትላንድ በእነ ጆን ኖክስ ጊዜ ነው ሥር የያዘው። ወደ አሜሪካ የገባው ከስኮትላንድና ከሰሜን አየርላንድ በሄዱ ስደተኞች አማካይነት ነው። በእኛም አገር እንግዳ አይደሉም። በ1919 አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ተሻግረው ደምቢ ዶሎ ሲገቡ የመጡት ከዚሁ ወገን ነበር። ከዚያ ሥራ የበቀለችው የቤቴል ቤተክርስቲያን በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋህዳለች።

በዚህ ሥርዓት ጳጳስ የለም። የአጥቢያው አባላት ከመካከላቸው ሽማግሌዎችን ይመርጣሉ። ሽማግሌዎቹና ቄሱ አንድ ላይ ተቀምጠው አጥቢያውን ያስተዳድራሉ። ማን ይቆረብ፣ ማን ይገሠጽ፣ ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል፣ ይህን ሁሉ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የአንድ አካባቢ አጥቢያዎች ደግሞ ቄሶችንና ሽማግሌዎችን ልከው ፕሬስቢተሪ የሚባል የወረዳ ጉባኤ ያቋቁማሉ። ከዚያ በላይ ሲኖዶስ አለ። ከሁሉ በላይ በየዓመቱ የሚሰበሰብ ጠቅላላ ጉባኤ አለ።

ቄሱን የሚጠራው አጥቢያው ነው። ድምፅ ሰጥቶ ይጠራል፣ ደመወዙንም ይከፍላል። ፕሬስቢተሪው ጥሪውን ያጸድቃል፤ ቄሱ ካጠፋ ከሥልጣነ ክህነቱ ሊሽረውም ይችላል። እንግዲህ ቄሱ ከታችም ከላይም ተጠያቂ ነው ማለት ነው። ሰባኪው ምንም ያህል ደፋር ቢሆን ከታች ያሉት ሽማግሌዎች ካልወደዱት አይቆይም። ከላይ ያለው ጉባኤም ከጠመደው ያው ነው።

የ1818ቱ ጉድ

ይህ ሥርዓት ለባርነት ጉዳይ ምን አደረገ? ቄስ ጄምስ ጊሊላንድን እንውሰድ። በደቡብ ካሮላይና ቄስ ነበሩ። ባርነት ኃጢአት ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1796 ሲኖዶሱ ይህን ከመድረክ እንዳይሰብኩ አዘዛቸው። ለጥቂት ዓመታት ታገሡ፤ በ1805 ግን አገሩን ለቀው ወደ ኦሃዮ ሄዱ። ከሪፕሊ በስተሰሜን ጥቂት ማይሎች ርቃ በምትገኘው ሬድ ኦክ መንደር ቤተክርስቲያን ማገልገል ጀመሩ። ከእሳቸው ሌላም ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ከደቡብ ተነሥቶ ወንዙን ተሻግሯል። ሪፕሊን በ1812 የቆረቆሩት ኮሎኔል ጄምስ ፖግ ራሳቸው ባርነትን ጠልተው ከቨርጂንያ የወጡ ሰው ነበሩ። ወንዝ ዳር ያሉት አጥቢያዎች የተለየ አቋም የያዙት እንግዲህ በአጋጣሚ አልነበረም። ደቡቡ ዝም ያሰኛቸው ሰዎች እዚያ ተሰብስበው ነበር።

በ1818 የጠቅላላ ጉባኤው ልዑካን ተሰብስበው ስለ ባርነት መግለጫ አወጡ። ባርነት የሰውን ልጅ ክቡርና ቅዱስ መብት በእጅጉ የሚጥስ ነው፣ ከእግዚአብሔር ሕግም ጋር ፈጽሞ አይስማማም አሉ። ቃሉ ጠንካራ ነው። በአንድ ድምፅ ነው የጸደቀው። በዚያው ስብሰባ ግን ጆርጅ ቦርን የሚባሉ የቨርጂንያ ቄስ ከሥልጣነ ክህነታቸው መሻራቸውን ያው ጉባኤ አጸና። ቦርን የተጠሉት ባሪያ የሚገዙ ክርስቲያኖችን በግልጽ በመክሰሳቸው ነበር።

ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጉባኤው የሰሜንም የደቡብም ልዑካን አሉት። መግለጫው ማንንም በስም አይጠራም፣ ማንንም ከቁርባን አያግድም፣ ስለዚህ ሁሉም ሊፈርሙበት ይችላሉ። ቦርን ግን ጣታቸውን ወደ ሰው ቀሰሩ። ጉባኤው ከሁሉ በላይ የፈራው መከፋፈልን ነበር። ለአንድነቱ የተከፈለውን ዋጋ የከፈሉት ደግሞ በጉባኤው ወንበር ያልነበራቸው፣ በሰንሰለት ያሉት ሰዎች ናቸው።

ራንኪን ከቴነሲ እስከ ሪፕሊ

ጆን ራንኪን የተወለዱት በ1793 በምሥራቅ ቴነሲ ነው። የተማሩት ሳሙኤል ዶክ ከሚባሉ የባርነት ተቃዋሚ ፕሬስቢቴሪያን መምህር ዘንድ ነው። የመምህሩን የልጅ ልጅ ጂን ላውሪን አገቡ። ገና ወጣት ሰባኪ ሳሉ በስብከታቸው ጭቆናን ሁሉ ነቀፉ። የባርነትን ስም ደፍረው አላነሡም ነበር ይባላል፤ ሰሚው ግን ገባው። ሽማግሌዎቹ እንዲህ መስበክ ከፈለግህ ቴነሲን ልቀቅ አሏቸው።

ለቀቁም። ወደ ኦሃዮ ሲጓዙ መንገድ ላይ ኬንታኪ ውስጥ ካርላይል በምትባል ስፍራ አጥቢያ ጠራቸውና አራት ዓመት ቆዩ። እዚያ ለባሪያዎች የሰንበት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ዱላ የያዙ ሰዎች እየመጡ ተማሪዎቹን በተኑ። ቦታ ቀየሩ፤ እንደገና ተበተኑ። በመጨረሻ በ1822 መባቻ ቤተሰባቸውን ይዘው የኦሃዮን ወንዝ ተሻገሩና ሪፕሊ ገቡ። እዚያም 44 ዓመት አገለገሉ። ከጂን ጋር 13 ልጆች ወለዱ፤ ዘጠኙ ወንዶች ናቸው።

ሪፕሊ ከገቡ ብዙም ሳይቆይ በቨርጂንያ ነጋዴ የነበረው ወንድማቸው ቶማስ ባሪያ መግዛቱን ሰሙ። ለወንድማቸው ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ደብዳቤዎቹ ከ1824 ጀምሮ በሪፕሊ ጋዜጣ ላይ ታተሙ፣ በ1826 መጽሐፍ ሆኑ። ራንኪን በደብዳቤዎቹ ከወንድማቸው ጋር ነጥብ በነጥብ ይከራከራሉ። አፍሪካውያን በተፈጥሮ ያነሱ ናቸው የሚለውን ይሞግታሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ባርነትን ይፈቅዳል የሚሉትን በዚያው በመጽሐፍ ቅዱስ ይመልሳሉ። ባርነትን ያቆመው የገንዘብና የሥልጣን ፍቅር ነው ይላሉ።

ውጤቱስ? ቶማስ ባሪያዎቹን ነፃ አወጣ፣ ወደ ኦሃዮም መጣ። ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን፣ በጊዜው ስመ ጥር የነበረው የባርነት ተቃዋሚ ጋዜጠኛ፣ በ1832 ደብዳቤዎቹን በራሱ ጋዜጣ አሳተመ። ኋላም ራሱን የራንኪን ደቀ መዝሙር ብሎ ጠርቷል። አንድ የገጠር ቄስ ለወንድሙ የጻፈው ደብዳቤ ብዙ ርቀት ተጉዟል።

ሌሊቱ ሥራ

ራንኪን መጀመሪያ የኖሩት ከወንዙ አጠገብ ባለው ጎዳና ላይ ነው። በ1820ዎቹ መጨረሻ ከከተማዋ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ወዳለች ትንሽ የሸክላ ጡብ ቤት ተዛወሩ። ከዚያ ሆኖ ወንዙ፣ ከተማዋና የኬንታኪ ዳር ወለል ብለው ይታያሉ። ማታ ማታ በቤቱ የሚበራው መብራት ከወንዙ ማዶ ይታይ ነበር። ከከተማዋ ወደ ቤቱ የሚያወጣ ረጅም ደረጃ አለ።

ይህ የማሻገር ሥራ «የምድር ውስጥ ባቡር» በሚል ስም ይታወቃል። ሐዲድም ዋሻም አልነበረውም። ሥራው እንዲህ ነበር። አንድ ሰው ሌሊት ወንዙን በጀልባ፣ በዋና ወይም ክረምት ሲሆን በበረዶ ላይ ይሻገራል። በር ያንኳኳል። የቤቱ ሰው ተነሥቶ እሳት ያነድዳል፣ እርጥቡን ልብስ ያደርቃል፣ ያበላል። ጊዜ ካለ ያስተኛል፤ ከሌለ ሳይነጋ በፈረስ ያሳፍራል። ከራንኪን ቤት የሚቀጥለው ማረፊያ አብዛኛውን ጊዜ ሬድ ኦክ፣ እነ ጊሊላንድ ዘንድ ነበር። ከዚያ ሌላ ቤት፣ ከዚያም ሌላ፣ እስከ ካናዳ ድረስ። እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ቤት ብቻ ነው። ቢያዝም ብዙ የሚያወጣው ምስጢር የለም።

ሌሊት ፈረስ ይዘው የሚወጡት ባብዛኛው የራንኪን ወንዶች ልጆች ነበሩ። ምግቡንና ልብሱን የምታዘጋጀው ጂን ናት። በዚያ ዘመን ሴት ሽማግሌ ሆና አትመረጥም፤ የሰሜኖቹ ፕሬስቢቴሪያኖች ይህን የፈቀዱት በ1930 ነው። ስለዚህ በቤተክርስቲያኗ የስብሰባ መዝገብ ላይ የሴቶቹን ሥራ ብትፈልጉ አታገኙትም። ሌሊት ተነሥቶ እንግዳ መመገብ ቃለ ጉባኤ የለውም።

በ1838 ክረምት መውጫ ላይ አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ መቅለጥ በጀመረው በረዶ ላይ ተሻገረች። አሳዳጆች ከኋላዋ ነበሩ። በረዶው እየተሰበረባት፣ ውኃ ውስጥ እየገባች እየወጣች፣ ሪፕሊ ደረሰች። የራንኪን ቤተሰብ ተቀብሎ ወደ ሰሜን አሳለፋት። ራንኪን ይህን ታሪክ በሲንሲናቲ ለሚያውቋቸው የሃይማኖት መምህራን ነገሩ። ሐሪየት ቢቸር ስቶው ከዚያ ሰምታ በ1852 በታተመው ልብ ወለዷ ውስጥ አስገባችው። ዓለም ያወቃት ኤሊዛ በሚለው የልብ ወለድ ስም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። የማሻገሩን ሥራ ነጭ ፕሬስቢቴሪያኖች ብቻ አልሠሩትም። የበለጠውን አደጋ የተሸከሙት ጥቁሮቹ ነበሩ። ሳሙኤል ጊስት የሚባል እንግሊዛዊ ሀብታም በ1815 ሲሞት በቨርጂንያ የነበሩ ባሪያዎቹ ነፃ እንዲወጡ ተናዝዞ ነበር። ከእነሱ ብዙዎቹ ሪፕሊ ባለችበት በብራውን ካውንቲ ሰፈሩ። መሬቱ ደካማ ነበር፤ ኑሯቸውም ከባድ ነበር። የሚሸሸውን ሰው ግን ይቀበሉ ነበር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጆን ፓርከር አሉ። በ1827 በቨርጂንያ ባሪያ ሆነው ተወለዱ። በስምንት ዓመታቸው ከእናታቸው ተነጥለው ተሸጡ፣ በሰንሰለት ታስረው ወደ አላባማ ተነዱ። እዚያ የብረት ማቅለጥ ሙያ ተማሩ። በ1845 በ1,800 ዶላር ራሳቸውን ገዝተው ነፃ ወጡ። ሪፕሊ ገብተው የራሳቸውን የብረት ማቅለጫ ከፈቱ፤ ኋላም ለፈጠሯቸው መሣሪያዎች የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ቀን ብረት ያቀልጣሉ። ሌሊት ጀልባ ቀዝፈው ኬንታኪ ድረስ ይሄዱና ሰዎችን ይዘው ይመለሳሉ። ራንኪን የሚቀበሉት ወንዙን የተሻገረውን ነው። ፓርከር የሚሄዱት ማዶ ድረስ ነው። ቢያዙ ምን እንደሚጠብቃቸው አስቡት።

ኦሃዮ ባርነት ባይኖርባትም ለጥቁር ሰው ደግ አገር አልነበረችም። በ1807 የወጣ ሕግ ወደ ግዛቷ የሚገባ ጥቁር የ500 ዶላር ዋስትና እንዲያቀርብ ያዝዝ ነበር። ሪፕሊም ሁሉ ሰው ልቡ ንጹሕ አልነበረም። ራንኪን ባቋቋሙት ኮሌጅ ቤንጃሚን ቴምፕልተን የሚባል ጥቁር ወጣት ሲገባ ተቃውሞ ተነሣ፤ ልጁ ተገረፈ። ራንኪን ወደ ቤታቸው ወስደው ራሳቸው አስተማሩት። በከተማዋ ውስጥ በገንዘብ ባሪያ የሚያድኑ ሰዎችም ነበሩ። ቤተክርስቲያኗ ይህን የሠራችው በሚስማማ ሕዝብ መሃል ሆና እንዳይመስላችሁ።

ሕጉና ጠመንጃው

በ1838 ሳርዲኒያ በምትባል ጎረቤት መንደር የሚኖሩ ጆን ማሃን የሚባሉ ሰባኪ ከኬንታኪ ያመለጡ ሰዎችን ረድተዋል ተብለው ተያዙ። የኦሃዮ አገረ ገዥ ለኬንታኪ አሳልፈው ሰጧቸው። ለሳምንታት ታስረው ቆዩ። በመጨረሻ ዳኞቹ ነፃ አሏቸው፤ ምክንያቱም ሠሩ በተባለው ጊዜ ኬንታኪ ውስጥ አልነበሩም። በሌላ ግዛት ሕግ የሚዳኙበት መንገድ አልነበረም። ጤናቸውና ንብረታቸው ግን ተጎድቶ ቀረ።

በ1841 ደግሞ የታጠቁ ሰዎች ሌሊት የራንኪንን ቤት ከበቡ። ልጆቹ ጠመንጃ አንሥተው ተከላከሉ። ተኩስ ተለዋወጡ፤ አጥቂዎቹ ሸሹ። ይህን የማነሣው ስለ ሰላም የሚሰብኩ ሰዎች ቤታቸውን በጠመንጃ እስከ መጠበቅ የደረሱበትን ጊዜ እንድትረዱት ነው።

ያመለጡ ባሪያዎች ተይዘው እንዲመለሱ የሚያዝዘው የ1850ው የአገሪቱ ሕግ ሁሉን አከበደ። ያመለጠን ሰው የረዳ እስከ 1,000 ዶላር ቅጣትና እስከ ስድስት ወር እስራት ይጠብቀዋል። ጉዳዩን የሚያየው ሹም ሰውየውን ወደ ባርነት ከመለሰው 10 ዶላር ይከፈለዋል፤ ነፃ ካለው 5 ዶላር። የተያዘው ሰው ስለ ራሱ መመስከር አይችልም። ፓርከር ያሻገሯቸውን ሰዎች ስም የያዙበት መዝገብ ነበራቸው። ሕጉ ሲወጣ በራሳቸው ማቅለጫ እሳት ውስጥ ጣሉት። ያለፉት ሰዎች ቁጥር እስከ ዛሬ በግምት ብቻ የሚነገረው በዚህና በመሰል ምክንያቶች ነው። መዝገብ መያዝ ሰውን ማስያዝ ነበር።

ቤተክርስቲያኗ ለሁለት፣ ከዚያም ለሦስት

በላይ በጠቅላላ ጉባኤው የሚሆነው ደግሞ ሌላ ነበር። በ1837 የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖች «አሮጌው ወገን» እና «አዲሱ ወገን» ተባብለው ተከፈሉ። በይፋ የተነገረው ምክንያት የሃይማኖት ትምህርትና ከሌላ ቤተክርስቲያን ጋር የነበረ የትብብር ስምምነት ነው። ከሥር ግን ባርነት ነበረበት። አሮጌው ወገን ከደቡብ ብዙ አጥቢያዎች ነበሩት። በ1845 ባሪያ መያዝ ብቻውን ከቁርባን አያግድም ብሎ ወሰነ።

ራንኪን የነበሩት በአዲሱ ወገን ነው። ይኸኛው ይሻላል፤ ግን ባሪያ ያላቸው አባላት አሁንም ነበሩት። ራንኪንና ጓደኞቻቸው ለዓመታት ከውስጥ ሆነው አቤት አሉ። ጉባኤው ይሰማል፣ መግለጫ ያወጣል፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋል። በ1847 ትዕግሥታቸው አለቀ። ወጥተው «ነፃ ፕሬስቢቴሪያን ቤተክርስቲያን» የምትባል አቋቋሙ። ባሪያ የያዘ ሰው አባል መሆን አይችልም፤ ይህ ዋና ሕጓ ነበር።

ይህ ርምጃ ቀላል አልነበረም። የቤተክርስቲያን መለያየት በቄሶች ስብሰባ ላይ ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ትንሽ ከተማ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት፣ ወንድም ከወንድም ይለያያል። ባርነትን የሚቃወሙ ብዙዎችም ውስጥ ሆኖ መታገል ይሻላል ብለው ቀርተዋል። እነሱን በደካማነት መክሰስ አይገባም። እኔ ግን ራንኪን ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። 29 ዓመት ሙሉ የ1818ቱ መግለጫ ቃሉ እንጂ ሥራው አልታየም ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ የራንኪን ልጆች በሰሜኑ ጦር ዘመቱ። በ1865 ባርነት በመላው አገሪቱ በሕግ ተሻረ። ያኔ ነፃዋ ቤተክርስቲያን የተቋቋመችበት ምክንያት አበቃ። አጥቢያዎቿ ቀስ በቀስ ወደ ሰሜኖቹ ፕሬስቢቴሪያኖች ተመለሱ፤ ለብቻ ድርጅት ሆነው መቀጠል አልፈለጉም። ራንኪን በ1886 በ93 ዓመታቸው አረፉ፣ ሪፕሊ ተቀበሩ። ፓርከር እስከ 1900 ኖሩ። የሁለቱም ቤቶች ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ናቸው፤ አንዱ ኮረብታው ላይ፣ ሌላው ከታች ወንዙ ዳር።

በ1861 ተነጥለው የወጡት የደቡብ ፕሬስቢቴሪያኖች ግን ባርነት ከቀረም በኋላ ለብቻቸው ቆዩ። ከሰሜኖቹ ጋር እንደገና አንድ ቤተክርስቲያን የሆኑት በ1983 ነው።